በኦንላይን የመኪና እሽቅድምድም ሊግ ለአሽከርካሪዎች ጥፋት ሚዛናዊ ቅጣት እንዴት ይወሰናል?

በኢንተርኔት የሚካሄድ የመኪና እሽቅድምድም ሊግ ተወዳዳሪዎቹን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ በዳኝነት ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ በማስጠንቀቂያ የታለፈበት ጥፋት በዚህ ሳምንት ሌላውን ከውድድር ሲያሳግድ የታዘበ አሽከርካሪ፣ ቅጣቱ በራሱ ላይ ባይደርስ እንኳ በዳኞቹ ላይ የነበረው እምነት ይሸረሸራል። ተወዳዳሪ አስቀድሞ የሚያውቀውን ከባድ ቅጣት ቅር እያለውም ቢሆን ይቀበላል፤ የሚያስመርረው ሊገምተው የማይችለው ቅጣት ነው። ይህ መመሪያ ሊግ ለሚመሩና በዳኝነት ለሚያገለግሉ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ደንብ ከመጻፍ ጀምሮ ውሳኔ እስከ ማሳወቅ ያለውን ሥራ ይመለከታል።

ለማሽኑ የሚተውና ለሰው የሚተው

የታወቁት ሲሙሌተሮች (መኪና መንዳትን የሚያስመስሉ ጨዋታዎች) በሙሉ ለማለት ይቻላል የራሳቸው አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ አላቸው። አይሬሲንግ በተባለው ሲሙሌተር የአስፋልት ውድድር ከትራክ የወጣ አሽከርካሪ 1፣ መኪናውን መቆጣጠር የተሳነው 2፣ ከሌላ መኪና ጋር በኃይል የተጋጨ 4 የክስተት ነጥብ ይመዘገብበታል፤ የግጭቱም ነጥብ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይጣራ በሁለቱም ላይ ይቆጠራል። ግራን ቱሪስሞ 7 የስፖርታዊ ጨዋነት ደረጃ፣ አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ ደግሞ የደኅንነት ደረጃ አላቸው። እነዚህ አሠራሮች በብዙ ውድድሮች ድምር ሲታዩ ጠቃሚ ናቸው፤ ሁልጊዜ የሚጋጭ ሰው ደረጃው መውረዱ አይቀርም። አንድን የተወሰነ ግጭት ነጥሎ ማን አጠፋ ብሎ መፍረድ ግን የእነርሱ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉ በደንቡ መግቢያ ላይ መቀመጥ አለበት። የትራክ ወሰን መጣስ፣ በፒት መንገድ (መኪኖች ለጎማና ለነዳጅ በሚገቡበት የጎን መንገድ) ላይ ከተፈቀደው ፍጥነት ማለፍና ከምልክቱ በፊት መነሳት ማሽኑ ያለ አድልዎ የሚለካቸው ነገሮች በመሆናቸው ለማሽኑ ይተዉ። ዳኞች የሚመለከቱት በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ መኪኖች መካከል የተፈጠረውን ነገር ብቻ ይሁን። ጨዋታው በውድድሩ ላይ የቀጣውን ጥፋት ዳኞች ከውድድሩ በኋላ ደግመው እንዳይቀጡም በግልጽ ይጻፍ፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ጭቅጭቅ ታድናለች።

ጥፋትን በሚለካ ቃል መጻፍ

«አደገኛ አነዳድ ያስቀጣል» የሚል ደንብ ምንም አይደነግግም፤ ፍርዱን ሁሉ በዕለቱ ዳኛ ስሜት ላይ ይጥለዋልና። ጥፋቶች በድርጊታቸው ተለይተው መጻፍ ያለባቸው ሲሆን፣ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው በኩርባ ላይ ቦታ የመጠየቅ መብት ነው። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለፎርሙላ 1 ባወጣው የአነዳድ መመሪያ፣ በኩርባው የውስጥ ጎን ለማለፍ የሚሞክር መኪና ቦታ ሊተውለት የሚገባው ኩርባው ጫፍ ላይ (መኪናው ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ከሁሉ ይበልጥ በሚቀርብበት ነጥብ) ሲደርሱ የፊት ጎማው ቢያንስ ከሌላው መኪና ስፖኪዮ ጋር እኩል ሲሆን ነው። ሊጋችሁ ይህንኑ መለኪያ ሊወስድ ወይም የራሱን ሊመርጥ ይችላል፤ ዋናው ነገር ሁለት ሰዎች አንድን ምስል አቁመው ሲያዩ ተመሳሳይ መልስ የሚሰጡበት መስመር መኖሩ ነው። ያ መስመር ላይ እስኪደረስ ድረስ ግጭትን የማስወገድ ኃላፊነት በዋናነት በአላፊው ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከፊት የነበረው የአንድ መኪና ስፋት የመተው ግዴታ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ የመከላከል ደንብ ይመጣል። በቀጥታው መንገድ ላይ ቦታን ለመከላከል አንድ ጊዜ መስመር መቀየር የተለመደ ገደብ ነው፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መስመር መቀየር ግን ከኋላ ያለው ምንም ማድረግ በማይችልበት ቅጽበት የሚፈጸም ስለሆነ፣ ግጭት ባይከተልም እንኳ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ሊጻፍ ይገባዋል። ከትራክ ወጥቶ የሚመለስ ሰው መንገዱ ነጻ መሆኑን የማረጋገጥ ሙሉ ኃላፊነት አለበት፤ የተሽከረከረ መኪናም ቆሞ እስኪረጋጋ ድረስ ፍሬኑን ይዞ መቆየት ይጠበቅበታል፤ ወደ ኋላ የሚንሸራተት መኪና ለሚመጡት ከቆመ መኪና ይልቅ አስቸጋሪ ነውና። በዙር የተቀደመን አሽከርካሪ በተመለከተ ብዙ ጀማሪ ሊጎች የሚሳሳቱት ሰማያዊ ባንዲራ (በዙር የሚቀድም መኪና ከኋላ መድረሱን የሚያመለክት) ሲታይ ወዲያው ከመስመር እንዲወጣ በማዘዛቸው ነው። ድንገት ከመስመር የሚወጣ መኪና የባሰ አደጋ ይፈጥራል፤ የሚሻለው የሚቀደመው መስመሩን ይዞ እንዲቀጥል፣ በሚቀጥለው ቀጥታ መንገድ ላይ ነዳጅ እንዲቀንስ፣ የማለፉ ጥንቃቄ ደግሞ የሚቀድመው ሰው እንዲሆን መደንገግ ነው።

የሚቀጣው ድርጊቱ ነው ወይስ ውጤቱ?

በዚህ ዘርፍ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ሊጉ ከመጀመሩ በፊት ካልተመለሰም በየሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ጥያቄውን ለማየት ከእውነተኛው እሽቅድምድም ጎልቶ የሚታወሰውን መውሰድ ይቻላል። ሐምሌ 18 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በሲልቨርስተን በተካሄደው የፎርሙላ 1 ውድድር፣ የብሪታንያ ግራንድ ፕሪ፣ ሉዊስ ሀሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን በመጀመሪያው ዙር ኮፕስ በተባለው ፈጣን ኩርባ ላይ ተነካኩ። ቨርስታፐን በከፍተኛ ፍጥነት ከመከላከያው ጋር ተጋጭቶ ከውድድሩ ወጣ፣ ለምርመራም ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሀሚልተን 10 ሰከንድ ተቀጥቶ ውድድሩን አሸነፈ። ከፊሉ ተመልካች ተቀናቃኙን ከውድድር ያስወጣ ሰው እንዴት ያሸንፋል አለ። ሌላው ደግሞ ዳኞች የሚመዝኑት የአሽከርካሪውን ስሕተት እንጂ የአጥሩን ርቀት አይደለም ሲል ተከራከረ።

እኔ ለኦንላይን ሊግ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ወገን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በሲሙሌተር ውስጥ የግጭት ውጤት በእውነተኛው ዓለም ከሚሆነውም በላይ ከአሽከርካሪው እጅ የወጣ ነው። የጉዳት መጠኑ በሰርቨሩ ላይ በተሞላው ቅንብር፣ በጨዋታው የግጭት ስሌትና በሁለቱ ሰዎች የኢንተርኔት ፍጥነት ይወሰናል። ተመሳሳይ ንክኪ አንዱን መኪና ሲገለብጥ ሌላውን ምንም ሳያደርገው ያልፋል። ቅጣቱ በውጤቱ ከተለካ፣ በግድየለሽነት ገብቶ ዕድል የቀናው ሰው በነጻ ሲሄድ በጥቂቱ የተሳሳተው ይታገዳል፤ ግድየለሹም ድርጊቱን እንዲደግም ተበረታታ ማለት ነው።

ይህ አቋም ዋጋ እንደሚያስከፍል ማወቅ ያስፈልጋል። ያለ ጥፋቱ ከ4ኛ ወደ 11ኛ የወረደ ተወዳዳሪ፣ አጥፊው ያገኘው ቅጣት እርሱ ካጣው ያነሰ ሆኖ ሲያየው መናደዱ አይቀርም፤ ንዴቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅጣት የተጎጂ ካሳ አይደለም። ለተጎጂው አማካይ ነጥብ መስጠትን የሚሞክሩ ሊጎች አሉ፤ ያን ጊዜ ግን ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በትራክ ላይ ያላጡትን ደረጃ በጠረጴዛ ያጣሉ። ውጤት በቅጣት ስሌት ውስጥ እንዲገባ የምፈቅደው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ አጥፊው በጥፋቱ ያገኘውን ደረጃ ሳይመልስ ይዞት ከጨረሰና ተጎጂውም ከጀርባው ከተከተለ፣ የሰከንድ ቅጣቱ ቢያንስ ከተጎጂው ኋላ የሚያስቀምጠው መሆን አለበት።

የቅጣት ሠንጠረዥ

ሠንጠረዡ ከአራት እርከን በላይ ባይኖረው ይመረጣል፤ እርከኖች ሲበዙ ዳኞች ልዩነታቸውን ለይተው ማስረዳት ያቅታቸዋል። 40 ደቂቃ ለሚፈጅ ውድድር የሚከተለውን መነሻ አድርጎ መውሰድ ይቻላል። ደረጃ ያላስቀየረ ወይም ደረጃው ወዲያው የተመለሰበት ቀላል ንክኪ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። የጥንቃቄ ጉድለት፣ ማለትም ተገቢ ሙከራ ሲያደርግ ጥቂት ስቶ ሌላውን መግፋት፣ በውድድር ጊዜው ላይ የሚጨመር 5 ሰከንድና 1 የቅጣት ነጥብ ያስከትላል። መብት በሌለው ክፍተት ዘግይቶ መግባት፣ ፍሬን ላይ መስመር መቀየርና መንገዱን ሳያዩ ወደ ትራክ መመለስ 10 ሰከንድና 3 የቅጣት ነጥብ ይገባቸዋል። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነገር ግን ከነዚህ እርከኖች ጋር የማይነጻጸር ስለሆነ በአራተኛው እርከን ለብቻው ይታያል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሰከንዱ ከውድድሩ ርዝመት ጋር መገናዘብ አለበት። በ20 ደቂቃ ውድድር መኪኖቹ ተቀራርበው ስለሚጨርሱ 5 ሰከንድ ብዙ ደረጃ ያሳጣል፤ በ90 ደቂቃ ውድድር ግን ልዩነቱ የሰፋ ስለሚሆን ያው 5 ሰከንድ ምንም ላይነካ ይችላል። በውድድሩ መሐል የሚፈጸም የፒት ማለፍ ቅጣት (በፒት መንገድ ሳይቆሙ በተገደበ ፍጥነት ማለፍ) በአብዛኞቹ ትራኮች ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ገደማ የሚያሳጣ በመሆኑ፣ ከውድድር በኋላ ለሚሰጥ ከባድ ቅጣት ጣሪያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ጊዜው በየትራኩ ስለሚለያይ አስቀድሞ አንድ ሰው ሁለት ዙር ነድቶ ይለካው።

ከኋላው ያለውን በ14 ሰከንድ የሚመራ አሽከርካሪ 10 ሰከንድ ቢጨመርበት ደረጃው አይነካም። ይህን ያዩ ሊጎች ሰከንዱን ትተው ደረጃ ወደ መቀነስ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብቻውን የሚነዳው ሰው ሦስት ደረጃ ሲያጣ፣ በቡድን መሐል ያለው ለተመሳሳይ ጥፋት ያጣው የጥቂት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ሥራ ይሆናል። ከሁለቱ ሰከንዱ ይሻላል የምለው የቅጣት ነጥቡ አብሮት ስለሚሄድ ነው። በዕለቱ ያልተሰማው ሰው በውድድር ዘመኑ ውስጥ ይሰማዋል። ከሻምፒዮናው ነጥብ መቀነስን ግን እንደ ተራ ቅጣት እንዳትጠቀሙበት እመክራለሁ፤ ለአሸናፊ 25 ነጥብ በሚሰጥ ሊግ 10 ነጥብ መቀነስ ለመሪው ሻምፒዮናውን ሊያሳጣው ሲችል፣ 4 ነጥብ ብቻ ላለው ሰው ትርጉም የለውም።

ግጭት ፈጥሮ ወዲያው ውድድሩን አቋርጦ ለሚወጣም መልስ ያስፈልጋል። ያልጨረሰ ሰው ላይ ሰከንድ መጨመር ከንቱ ነውና፣ ቅጣቱ ወደሚቀጥለው ውድድር መነሻ ይዛወር፦ 5 ሰከንድ የሦስት፣ 10 ሰከንድ የስድስት የመነሻ ቦታ ቅነሳ ይሁን። በሚቀጥለው ውድድር ካልተገኘም ቀጥሎ በሚሳተፍበት ጊዜ ይፈጸምበት።

የሚያከብድና የሚያቀልል

ደረጃን በገዛ ፈቃድ መመለስ ከሁሉ የላቀ ማቅለያ ሊሆን ይገባዋል። የገፋውን ሰው ከትራኩ ዳር ቆሞ ጠብቆ ያሳለፈ አሽከርካሪ ቅጣቱ በአንድ እርከን ዝቅ ይበልለት። ግማሽ መንገድ የሄደ ግን፣ ማለትም ለአፍታ ፍጥነት ቀንሶ ሲያመነታ ቆይቶ የቀጠለ፣ ምንም አልመለሰምና ማቅለያው አይደርሰው። ይቅርታ መጠየቅ መልካም ጸባይ ነው፤ ሰከንድ የሚያስቀንስ ከሆነ ግን በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም በቃል ያጠናዋል።

የመጀመሪያው ዙር አከራካሪ ነው። አንዳንዶች መጨናነቁን አይተው ይለዝባሉ፤ ሌሎች ብዙ ሰው የሚጎዳበት ጊዜ ነው ብለው ያከብዳሉ። ጎማ ባልሞቀበትና ከሁለት ረድፍ በፊት የሆነው በማይታይበት ሁኔታ ሰንሰለት የያዘ ግፊት ሲፈጠር ጥፋተኛ መፈለግ ብዙ አያዋጣም። ከኋላ ተነሥቶ በመጀመሪያው ኩርባ አምስት መኪና ለማለፍ የዘለለ ሰው ግን ከመጨናነቁ ጀርባ ሊደበቅ አይገባም። በአንድ ዓይነት ጥፋት መደጋገም ያከብዳል፤ ይህንንም «ባለፉት ሦስት ውድድሮች በተመሳሳይ ጥፋት የተቀጣ አንድ እርከን ከፍ ይልበታል» ብሎ በቁጥር መወሰን ያሻል፤ ያለዚያ ቅጣቱ በስም ላይ የሚጣል ይሆናል፤ የሰውየው ዝና እንጂ ድርጊቱ አይመዘንም።

አቤቱታውና ዳኞቹ

በውድድሩ ላይ በድምፅም ሆነ በጽሑፍ መወቃቀስ መከልከል አለበት። ከውድድሩ በኋላ አቤቱታ የሚቀበለው ቅጽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተከፍቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢዘጋ ይበጃል። የመጀመሪያው ሰዓት ዝግ መሆኑ ብቻ ከንዴት የመነጩ አቤቱታዎችን ያስቀራል። አቅራቢው የዙሩን ቁጥር፣ የሪፕሌዩን (የውድድሩን የተቀዳ ምስል) ደቂቃ፣ የሁለቱን መኪኖች ቁጥርና የሆነውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሚሻ አይጠየቅ። ተከሳሹም መልስ እንዲሰጥ በቂ ጊዜ ያግኝ። ያልተሰማ ሰው ላይ መፍረድ፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ፍርዱን ያጎድፈዋል።

ዳኞቹ ሦስት ቢሆኑ በድምፅ ብልጫ መወሰን ይቻላል። በግጭቱ የተሳተፈ፣ ከአንዱ ጋር በአንድ ቡድን የሚነዳ ወይም በሻምፒዮናው ከአንዱ ጋር በቅርብ የሚፎካከር ዳኛ ለዚያ ጉዳይ ይነሣና ተጠባባቂ ይተካው። ትናንሽ ሊጎች ዳኞቻቸው ራሳቸው ተወዳዳሪዎች ስለሚሆኑ ይህ ያስቸግራቸዋል፤ በሌላ ምሽት ከሚወዳደር ሊግ ጋር ዳኛ መለዋወጥ ጥሩ መፍትሔ ነው። ሦስቱ ሳይነጋገሩ እያንዳንዳቸው ድምዳሜያቸውን በጽሑፍ ካስቀመጡ በኋላ ብቻ ይወያዩ። መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሌሎቹን ይዞ መሄዱ የታወቀ ነገር ነው።

ሪፕሌይ ሲታይ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። በመጀመሪያ በሙሉ ፍጥነት ከውጭ ካሜራ፣ ቀጥሎ ከሁለቱም አሽከርካሪዎች መቀመጫ፣ በመጨረሻ ደግሞ በዝግታ ይታይ። በዝግታ የጀመረ ዳኛ እያንዳንዱ የመሪ ንቅናቄ የታሰበበት ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን አሽከርካሪው የነበረው ጊዜ ከሰከንድ ያነሰ ነው።

ኢንተርኔቱ የራሱ ድርሻ አለው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 55 ሜትር ተኩል ይጓዛል፤ በሁለቱ አሽከርካሪዎች መካከል የ100 ሚሊሰከንድ መዘግየት ቢኖር በዚያች ቅጽበት መኪናው ከ5 ሜትር ተኩል በላይ፣ ማለትም ከአንድ መኪና ርዝመት የሚበልጥ፣ ተጉዟል። ጨዋታው ክፍተቱን የሚሞላው የሌላውን ቦታ በመገመት ስለሆነ፣ አንዱ በስክሪኑ ላይ ነጻ ክፍተት ሲያይ ሌላው ግጭት ሊያይ ይችላል። ስለዚህ የሰርቨሩ ሪፕሌይ ብቻ ሳይሆን የሁለቱም አሽከርካሪዎች የራሳቸው ቅጂ ይጠየቅ። በተከሳሹ ቅጂ ላይ መኪኖቹ ካልተነካኩና መስመሩም ተገቢ ከሆነ፣ በሌላው ስክሪን የታየው ግጭት የውድድር ክስተት (ማንም የማይቀጣበት) ተብሎ ይዘጋ። ግንኙነቱ በተደጋጋሚ የሚቆራረጥ ተወዳዳሪ ጉዳይ በቅጣት ሳይሆን በመሳተፊያ መስፈርት ይታያል።

አንድ ጉዳይ በቅርበት

እስቲ ይህን ሁሉ በአንድ ግጭት ላይ እናስቀምጠው። ከ22 ዙሮች በ12ኛው፣ በረጅም ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ባለ፣ ሁለተኛ ማርሽ በሚጠይቅ የቀኝ ኩርባ፣ 4ኛ የነበረችውን 8 ቁጥር መኪና 31 ቁጥር መኪና ከኋላ መታት፤ 8 ቁጥር ተሽከርክራ 11ኛ ሆነች። የ31 ቁጥር አሽከርካሪ «ዘጋብኝ» ሲል መልስ ሰጥቷል።

ዳኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት ፍሬን የተያዘበትን ቦታ ነው። 31 ቁጥር ባለፉት ሦስት ዙሮች ፍሬን ይይዝ የነበረው ከኩርባው በፊት ካለው የ100 ሜትር ምልክት ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር፤ በዚህኛው ዙር ከ80 ሜትር በኋላ ነው። በተጨማሪም የፊተኛው መኪና አየሩን እየሰነጠቀለት ስለመጣ ፍጥነቱ ከወትሮው ከፍ ያለ፣ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው አየር ደግሞ ያነሰ ስለነበር፣ እንዲያውም ቀደም ብሎ መያዝ ነበረበት። ቀጥሎ ምስሉ 8 ቁጥር መሪዋን በጠመዘዘችበት ቅጽበት ይቆማል፤ የ31 ቁጥር የፊት ጎማ የደረሰው የ8 ቁጥር የኋላ ጎማ አጠገብ ብቻ ነው። ከስፖኪዮው በጣም የራቀ ስለሆነ ቦታ የመጠየቅ መብት አልነበረውም። ከዚያም የ8 ቁጥር መስመር ይፈተሻል፦ ፍሬን ከያዘች በኋላ አልቀየረችም፤ ያለፉትን ዙሮች መስመር ነው የተከተለችው። «ዘጋብኝ» የሚለው መልስ በዚህ ይወድቃል።

ስለዚህ ጥፋቱ የሦስተኛው እርከን ነው፤ መነሻው 10 ሰከንድና 3 ነጥብ። 31 ቁጥር ከግጭቱ በኋላ ለሁለት ሰከንድ ያህል ነዳጅ ቀንሶ ነበር፤ ሆኖም 8 ቁጥር ሳትነሣ ጥሏት ስለሄደ ማቅለያ አያገኝም። በቀደሙት ሦስት ውድድሮች ስላልተቀጣም ማክበጃ የለበትም። የ8 ቁጥር ሰባት ደረጃ ማጣት በስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ ራሷን አድና 4ኛ ሆና ብትቀጥልም ቅጣቱ ይኸው ይሆን ነበር። ውሳኔውን ለመጻፍ ከዚህ የበዛ ቃል አያስፈልግም።

የነጥብ ክምችት

ፎርሙላ 1 ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ በ12 ወር ውስጥ 12 የቅጣት ነጥብ የሰበሰበ አሽከርካሪ አንድ ውድድር ይታገዳል። እገዳው ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰው በኬቨን ማግኑሰን ላይ ሲሆን፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን ግራንድ ፕሪ በኋላ 12 ሞልቶበት የአዘርባጃን ውድድር አመለጠው። ጣሪያው አሥር ዓመት ሳይነካ መቆየቱ ቁጥሩ ለዚያ የውድድር ብዛትና ለዚያ የብቃት ደረጃ የተለካ መሆኑን ያሳያል። አሥር ውድድር ያለው የትርፍ ጊዜ ሊግ ያንኑ 12 ቢገለብጥ ከላይ ባለው ሠንጠረዥ አንድ ሰው አራት ጊዜ በከባዱ እርከን እስኪያጠፋ ይጠብቃል ማለት ነው፤ ይህ ለእኔ በዛ። 6 ነጥብ ላይ በቀጣዩ ውድድር ከመጨረሻው ቦታ መነሳት፣ 9 ላይ የአንድ ውድድር እገዳ ቢሆን የተሻለ ይመጣጠናል። ያለ ጥፋት ለተጠናቀቀ ለእያንዳንዱ ሁለት ውድድር አንድ ነጥብ ይሰረዝለት፤ ዕዳው የሚቀንስለት ሰው አነዳዱን ለማረም ምክንያት ያገኛል።

ሆን ተብሎ የሚፈጸም

በንዴት ሰውን መግጨት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት፣ ቡድን ጓደኛን ለመጥቀም ሌላውን ማገድና ስድብ የሰከንድ ጉዳይ አይደሉም። ለነዚህ ከውጤት መሰረዝ መነሻ፣ ከሊግ መባረር መጨረሻ ይሁን። ሆን ብሎ መሆኑ ግን በማስረጃ መረጋገጥ አለበት፤ ፍሬን ምንም አለመያዙ፣ መሪው ወደ ሰውየው መዞሩ፣ ቀደም ሲል የነበረ ግጭት ወይም የተጻፈ ዛቻ። ጥርጣሬ ከቀረ በሦስተኛው እርከን ይቀጣ።

በሌላ ሰው ስም መወዳደርም እዚህ ይመደባል። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. የፎርሙላ ኢ (የኤሌክትሪክ መኪኖች እሽቅድምድም) አሽከርካሪ የነበረው ዳንኤል አብት በኦንላይን ውድድር ላይ በእርሱ ቦታ አንድ የሲሙሌተር ባለሙያ አስነድቶ ተገኘ፤ ውጤቱ ተሰርዞ 10,000 ዩሮ ለበጎ አድራጎት እንዲከፍል ተደረገ፣ የነበረበት ቡድን አውዲም አገደው። የገንዘብ ሽልማት በሌለው ሊግ ይህ ቀልድ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የደረጃ ሠንጠረዡ የማን እንደሆነ ግን አጠራጣሪ ያደርገዋል።

ማሳወቅ፣ ይግባኝና ማሻሻል

ውሳኔዎች በሙሉ፣ ቅጣት ያላስከተሉትም ጭምር፣ ከሚቀጥለው ውድድር በፊት በአንድ ቦታ ይውጡ። እያንዳንዱ ውሳኔ የተጣሰውን አንቀጽ፣ የታየውን ድርጊት፣ እርከኑንና ማቅለያ ወይም ማክበጃ መኖሩን ይግለጽ፤ ስለ አሽከርካሪው ጸባይ አስተያየት አይኑርበት። የተከማቹት ውሳኔዎች ከጊዜ በኋላ ለዳኞቹ ራሳቸው መመሪያ ስለሚሆኑ፣ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲመጣ የቀድሞውን ፈልጎ ማንበብ ግዴታ ይደረግ፤ ከእርሱ የሚለዩ ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍ።

ይግባኝ የሚፈቀደው ዳኞቹ ያላዩት አዲስ ማስረጃ ሲቀርብ ወይም የአሠራር ስሕተት ሲኖር ብቻ ይሁን፤ የሚያዩትም ሌሎች ሰዎች ይሁኑ። «ቅጣቱ በዛብኝ» ብቻ የሚል ይግባኝ ተቀባይነት ካገኘ ሁሉም ውሳኔ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ዳኞቹም በወር ውስጥ ይሰለቻሉ።

በውድድር ዘመኑ መሐል ደንቡ ያላሰበው ነገር መከሰቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አዲስ ቅጣት ፈጥሮ በተከሰተው ጉዳይ ላይ መተግበር አይገባም። ጉዳዩ አሁን ባለው ደንብ ይዘጋ፣ ክፍተቱ ተመዝግቦ ማሻሻያው ይጻፍ፣ ተፈጻሚ የሚሆንበትም ቀን ቢያንስ ከአንድ ውድድር በፊት ለሁሉም ይነገር።